ሰው፣ ሰውየው፣ ሴትዮዋ

እንደምን አላችሁ ወዳጆቼ። ደሴ ዛሬ ጉም ለብሳለች። ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ደጃፋችን ድረስ መጥቷል፤ ማዶ ያለው ቤት አይታየኝም። ቆርቆሮው ላይ ካፊያ አለ፤ ድምፅ ከገባባችሁ እሱ ነው። እኔ ጋቢ ተከናንቤ፣ ስልኬን ትራስ ላይ አስደግፌ ነው የምቀዳው። አያቴ አጠገቤ ተቀምጠው ሙሰበሃቸውን ይቆጥራሉ።

ዛሬ ስለ አንድ ቃል ላወራችሁ ነው። "ሴት" ስለሚለው ቃል። ግን የአማርኛውን ብቻ አይደለም። ሰዎች ቁጭ ብለው የፈጠሩት አንድ ቋንቋ አለ። አገር የለውም። ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ልጅም የለም። ይሄ ቋንቋ "ሴት" ለማለት ምን ይበል? ጥያቄው ሁለት ሳምንት እንቅልፍ ነሳኝ። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የአክስቴ ልጅ ኮምቦልቻ ናት። አዋላጅ ነርስ ናት። ጀርመን አገር ሄዳ ለመሥራት አስባ ቋንቋውን ጀምራለች። ከሥራ ስትወጣ ማታ ማታ በስልኳ ትማራለች፤ ኔትወርኩ ሲፈቅድላት። ግራ ሲገባት እኔ ጋ ትደውላለች። እኔ ፒያሳ አካባቢ አንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሰነድ እተረጉማለሁ። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ውክልና፣ ያላገባ። በዚህ የተነሳ ቤተሰቡ የቋንቋ ነገር ሲመጣ ወደ እኔ ነው የሚያየው። ጀርመንኛውን ከእሷ ጋር እኩል ነው የጀመርኩት።

አንድ ማታ ደወለች። "ስሚ" አለችኝ፤ "እነዚህ ሰዎች ልጅቷን ምን አድርገዋት ነው?"

ነገሩ እንዲህ ነው። ጀርመንኛ ውስጥ ስም ሁሉ ፆታ አለው። ፆታዎቹ ሦስት ናቸው፤ ተባዕት፣ አንስት፣ ከሁለቱም ያልሆነ። ማንኪያ ወንድ ነው። ሹካ ሴት ናት። ቢላዋ ከሁለቱም አይደለም። እሺ፣ ይሁን። እኛም ጨረቃዋ ወጣች፣ ፀሐይዋ ጠለቀች እንላለን። ግን "ሜድሸን" ማለት ልጃገረድ ማለት ነው። ልጃገረድ ደግሞ የተመደበችው ከቢላዋው ጋር ነው። ማንኪያው "እሱ" ተባለ፣ ሹካዋ "እሷ" ተባለች፣ ልጅቷ ከሁለቱም ሳትሆን ቀረች።

"አብሽሪ" አልኳት። "እስቲ ላጣራ።"

ምክንያቱ ብዙ አልደከመኝም። "ሸን" የምትለዋ የቃሉ ጭራ ማሳነሻ ናት። ጀርመኖች አንድን ነገር ሲያሳንሱ ወይም ሲያቆላምጡ ይቀጥሏታል። እሷ የተቀጠለችበት ስም ሁሉ ደግሞ የቀድሞ ፆታውን ትቶ ወደ ሦስተኛው ክፍል ይገባል። የሰዋስው ሕግ ነው።

እኔን ያስደነገጠኝ የኛው ነው። እኛ አንድን ነገር ስናሳንስ ምን እናደርጋለን? ሴት እናደርገዋለን። "ቤቱ" ያልነው ትንሽ ሲሆን "ቤቷ" ይሆናል። "ያቺን ወንበር አቀብለኝ" ካልኩ፣ በርጩማ ቢጤ ናት ማለት ነው። ስንወድም እንደዚያው ነው። መኪና የገዛ ሰው "እሷ" እያለ ነው አቧራዋን የሚያራግፍላት። እነሱ ዘንድ ትንሽ የሆነ ነገር ፆታውን ያጣል። እኛ ዘንድ ትንሽ የሆነ ነገር ሴት ይሆናል።

ይሄን ለአክስቴ ልጅ ስነግራት ዝም አለች። ቆይታ "ታዲያ የቱ ይሻላል?" አለችኝ። ጥያቄዋ አብሮኝ አደረ።

ያን ሳጣራ ነው "ፎልክስፕራክ" የሚባለውን ያገኘሁት። "ፎልክ" ሕዝብ፣ "ስፕራክ" ንግግር፣ ቋንቋ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 የተጀመረ ነው። እንግሊዝኛ፣ ጀርመንኛ፣ ደችኛ፣ ስዊድንኛ፣ ኖርዌይኛና ዴንማርክኛ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። አማርኛ፣ ትግርኛና ጉራጊኛ እንደሚዛመዱት ማለት ነው። የፎልክስፕራክ ሐሳብ የእነዚያ ሁሉ ተናጋሪዎች ብዙ ሳይማሩ የሚገባቸው አንድ ቋንቋ ማውጣት ነው። እስከ ዛሬ አንድ የተቆረጠ መልክ የለውም። የተለያዩ ሰዎች የየራሳቸውን መልክ ሰጥተውት ቅርንጫፉ በዝቷል። ደንቡ ግን ቀላል ነው። ቃል ስትፈልግ ስድስቱንም እህትማማች ቋንቋዎች ትጠይቃለህ፤ ብዙዎቹ የሚጋሩትን ትወስዳለህ። እኛም እንዲህ ያለ ነገር ብንሞክር "ቤት" ላይ አንጣላም ነበር። በአማርኛም በትግርኛም በጉራጊኛም ቤት ቤት ነው።

ደንቡ ደስ አለኝ። ደብተር አወጣሁ። ለስድስቱ ቋንቋ ስድስት መስመር አሰመርኩ። መጀመሪያ "ወንድ"ን ፈለግሁ። ጀርመንኛ፣ ማን። ደችኛ፣ ማን። ስዊድንኛ፣ ማን። ኖርዌይኛ፣ ማን። ዴንማርክኛው ሲጻፍ መጨረሻው ላይ አንድ ፊደል ይጨምራል እንጂ ሲነገር ያው ማን ነው። እንግሊዝኛው ትንሽ ወደ "ሜን" ያዘነብላል። ማን፣ ማን፣ ማን እያልኩ ስጽፍ አያቴ ሙሰበሃቸውን አቆሙ።

"ማንን ነው የምትፈልገው?" አሉኝ።

"ወንድ ማለት ነው" አልኳቸው። "በፈረንጆቹ ወንድ ማለት ማን ማለት ነው።"

"ማን?" አሉ።

"አዎ፣ ማን።"

ትንሽ አሰቡና ወደ ዚክራቸው ተመለሱ።

ወንድ በአምስት ደቂቃ አለቀ። ከዚያ "ሴት"ን ፈለግሁ። እንግሊዝኛ፣ ዉመን። ጀርመንኛ፣ ፍራው። ደችኛም ፍራው። ስዊድንኛ ክቪና፣ ዴንማርክኛና ኖርዌይኛ ክቪነ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አንድ ሥር አይደለም፤ ሦስት የተለያየ ሥር ነው። ስድስት እህትማማቾች "ወንድ" ላይ አንድ ሆኑ። "ሴት" ላይ ተበታተኑ። እንዴት? ሴት እኮ ከቤታቸው ጠፍታ አታውቅም። እናት ያልነበረው ቋንቋ የለም።

ደብተሩን አልዘጋሁትም። ወደ ኋላ ሄድኩ። ወደ ድሮው።

ድሮ አንድ ቃል ነበራቸው፤ ሁሉም። እንግሊዝኛው "ዋይፍ" ሆኖ ቀርቷል። ጀርመንኛው "ቫይፕ" ነው። ደችኛው "ዌይፍ"። ስዊድንኛውም "ቪቭ" የሚል አሮጌ ቃል አለው። ትርጉሙ ሴት ነበር፤ ያገባች ያላገባች ሳይል፣ ሴት። እንግሊዝኛው አጠበበውና የወንድ ሚስት ብቻ አደረጋት። አሮጌው ትርጉም ተደብቆ የቀረው እዚህም እዚያም ነው። አንዱ የአክስቴ ልጅ ሙያ ላይ ነው። አዋላጅ በእንግሊዝኛ "ሚድዋይፍ" ናት። "ሚድ" በድሮው "ጋር" ማለት ነው። ከወላዷ ጋር ያለች ሴት ማለት ነው። ይሄን ስነግራት "እንዲህ ነኝ?" አለችኝ። በጣም ደስ አላት። ሌሊቱን ሙሉ ምጥ ላይ ካለች ሴት ጋር አድራ የመጣችበት ቀን ነበር።

ጀርመንኛውና ደችኛው ላይ የደረሰው ግን የከፋ ነው። ዛሬ አንዲትን ሴት በእነዚህ ቃላት ብትጠራ ሰድበሃታል። ማንም ስድብ ብሎ የፈጠረው ቃል አልነበረም። ሴት ማለት ብቻ ነበር። ዘመን ሲገፋው ወደቀ።

የሰሜኖቹ "ክቪና" እንግሊዝኛ ውስጥም ዘመድ አለው። "ኲን"፣ ንግሥት የሚለው ነው። ሴት ወደ ዙፋን ወጣች ማለት ነው፤ ደስ ይላል። ግን ያው እንግሊዝኛ ውስጥ አንድ ፊደል ብቻ የተለየ ሌላ ወንድም ቃል ነበረ። እሱ ደግሞ ትርጉሙ ባለጌ ሴት ማለት ሆኖ ቀረ። ከአንድ ሥር የወጡ ሁለት ቃላት ናቸው። አንዷ ዘውድ ደፋች፣ አንዷ መንገድ ላይ ተጣለች።

"ፍራው"ስ? ፍራው መጀመሪያ እመቤት ማለት ነበር። ጌታ ለሚለው ቃል የሴት አቻ ነበረች። ቀስ እያለች ከእልፍኝ ወረደች። ለሁሉም ሴት መጠሪያ ሆነች። እሷ ስትወርድ ከሥሯ የነበረችው "ቫይፕ" ወደ ስድብ ተገፋች። ከላይ ባዶ የቀረውን የእመቤትነት ቦታ "ዳም" የሚል ከፈረንሳይኛ የተዋሰ ቃል ያዘው። ወንዱም ቢሆን "ሄር" የሚለው ከጌታነት ወርዶ እንደኛ "አቶ" ሆኗል። "ማን" ግን በስድስቱም ቤት ከተቀመጠበት አልተነቃነቀም።

እዚህ ላይ ስደርስ ትምህርት ቤቴ ትዝ አለኝ። የተማርኩት ወይዘሮ ስህን ነው። ደሴ ውስጥ "የት ተማርክ?" ስትባል "ወይዘሮ ስህን" ትላለህ፤ አልቋል። ስንት ዓመት ያን ስም ደብተሬ ላይ ስጽፍ "ወይዘሮ"ዋን አስቤያት አላውቅም ነበር። ወይዘሮ ስህን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ናቸው። የእቴጌ መነንም እናት። አይጠየፍ አዳራሽን ያሠሩት የንጉሥ ሚካኤል ልጅ "ወይዘሮ" ሲባሉ ያገቡ ናቸው ለማለት አልነበረም። ወይዘሮ የንጉሣውያን ዘር መጠሪያ ነበር። እኔ ዛሬ ጽሕፈት ቤቴ ውስጥ በቀን ሃያ ጊዜ "ወ/ሮ" ብዬ እጽፋለሁ፤ ለጉልት ነጋዴዋም ለዳኛዋም። ያገባች ማለት ሆኗል። ፍራው ከወረደችበት ደረጃ የኛዋም ወርዳለች። ደሴና በርሊን ሳይመካከሩ።

መውረዱ ባልከፋ። ለሁሉም ሴት መድረሱ እንዲያውም ጥሩ ነው። ያልወደድኩት አብሮት የመጣውን ጥያቄ ነው። በአንድ ወቅት አንድ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ላስፈጽም ሄድኩ። ከፊቴ አንድ ወጣት ነበር፤ ስሙን ጠየቁት፣ "አቶ" ብለው ጻፉ፣ ሄደ። እኔ ስደርስ ስሜን ሳይጠይቁኝ "ወይዘሮ ልበል ወይዘሪት?" አሉኝ። ያመጣሁት የመብራት ጉዳይ ነበር። አግብቼ እንደሆን ከመብራቱ ጋር ምን አገናኘው? መልሼ ወጣሁ። ግን ቆጨኝ፤ አሁንም ይቆጨኛል። "ወይዘሪት" የምትለዋን ልብ ብላችሁ እዩዋት። ድሮም ሴት በሆነች ቃል ላይ ሌላ የሴት ምልክት ተደርቦባት የወጣች ናት።

ጀርመኖቹም "ፍሮይላይን" የምትል ነበረቻቸው። "ላይን" እንደ "ሸን" ማሳነሻ ናት። ስለዚህ ያላገባች ሴት ትንሽ ፍራው ናት፤ በሰዋስውም እንደ ልጃገረዷ ከቢላዋው ጋር ነች። በ1972 ምዕራብ ጀርመን ውስጥ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴሩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይህን መጠሪያ እንዲተዉ አዘዘ። ከዚያ ወዲህ ያገባችም ያላገባችም ፍራው ናት። አንድ ወረቀት ነው ያን ያህል የለወጠው። እኔ ወረቀት የምጽፍ ሰው ነኝና ይሄ ልቤ ውስጥ ገባ።

ስለ ወረቀት ካነሳሁ "ያላገባ" የምንለውንም ልንገራችሁ። የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃ ነው። ሴቶቹ ናቸው በብዛት የሚያመጡልኝ። ወደ ውጭ የሚሄዱ ልጆች። "ያላገባ ላስተረጉም ነበር" ይሉኛል። አንዷም "ያላገባች ላስተረጉም" ብላኝ አታውቅም። ወረቀቱ ስም ሆኗል፤ ስሙ ደግሞ ወንድ ነው።

ወደ ደብተሬ ልመለስ። "ማን" እንዴት ሳይነቃነቅ ቀረ? ይሄኛው ነው ሌሊት ያስነሳኝ።

የድሮው እንግሊዝኛ ውስጥ "ማን" ወንድ ማለት አልነበረም። ሰው ማለት ነበር። ሴቷም ማን ናት፣ ወንዱም ማን ነው። ወንድ ለማለት ሌላ ቃል ነበራቸው፤ "ዌር"። ሴት ለማለት ደግሞ "ዊፍ"። "ዊፍማን" ሲሉ ሴት የሆነች ሰው ማለታቸው ነው። እሷ ናት ተለውጣ ተለውጣ "ዉመን" የሆነችው። ከዚያ "ዌር" ሞተ። ዛሬ የምናገኘው ሌሊት ተኩላ ይሆናል በሚሉት ሰው ስም ውስጥ ነው፤ "ዌርዎልፍ"። ዌር ሲሞት ወንዱ ቤት አልባ አልቀረም። "ሰው" የሚለው ቃል ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ቤቱ የጋራ ነበር። እሱ ገባበትና የራሱ አደረገው። ሴቷ "ዊፍማን" የሚለውን ምልክቷን ይዛ ውጭ ቀረች።

በነገራችን ላይ ጀርመንኛ ውስጥ "ቬር" ማለት "ማን?" ማለት ነው። የኛ "ማን" የእነሱ ወንድ፣ የድሮዎቹ ወንድ የጀርመኖቹ "ማን?"። ዝምድና የለውም፤ ግጥምጥሞሽ ነው። ግን እንዲህ ያለ ነገር ሳገኝ ደስታው አያስተኛኝም።

እና አሰብኩት። የኛስ "ሰው"?

"ሰው" ከግዕዙ "ሰብእ" የመጣ ነው። ሰብእ ሰዎች፣ የሰው ልጆች። ፆታ የለበትም። ዛሬም "እሷ ጥሩ ሰው ናት" እንላለን፤ ማንም አይደነቅም። "ሰው ሁኚ" ብለን እንመክራለን። እስከዚህ ድረስ ቃሉ የጋራ ነው። አሁን ግን ጣታችሁን ጠቁሙ። አንድ የማታውቁት ሰው በመንገድ ሲያልፍ ጠቁሙ። "ሰውየው" ትላላችሁ። ወንድ ሆነ። ሴት ከሆነችስ? "ሰውየዋ" በሉ እስቲ። አፋችሁ እምቢ ይላል። "ሴትዮዋ" ነው የምትሉት። በጥቅሉ ስናወራ ሁላችንም ሰው ነን። ጣት ሲቀሰር ወንዱ ሰው ሆኖ ይቀራል፣ ሴቷ ሴት ትሆናለች። ለስንት ዓመት የተናገርኩትን ቋንቋ በዚያ ሌሊት እንደ አዲስ ሰማሁት።

"ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል" የሚለውን ተረት ልጅ ሆነን ሰምተነዋል። ያ ግልጽ ነው፤ ስትሰማው ልትቃወመው ትችላለህ። "ሰውየው"ን ግን ማን ይቃወማል? ተረት አይደለም፤ ጥላቻም የለበትም። ሰውየው ብቻ ነው።

ይሄን ሁሉ ስል አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ስለ አያቴ እያወራሁ ነው። ተቀመጡ፣ ቆጠሩ፣ ጠየቁኝ፣ አሰቡ ብያለሁ። አያቴ ወንድ ናቸው ሴት?

አልነገርኳችሁም። አማርኛውም አልነገራችሁም። "አያት" ፆታ የለውም። "እሳቸው" ፆታ የለውም። "እርስዎ"ም፣ እዚህ ወሎ አዛውንቱ የሚሉት "አንቱ"ም የለውም። ለምናከብረው ሰው ፆታ አንጠይቅም። ለብዙም አንጠይቅም፤ "እነሱ" ስንል ወንድና ሴት አንለይም። ትግርኛ ይለያል፤ "ንሳቶም" እና "ንሳተን" ይላል። ግዕዝም "እሙንቱ" እና "እማንቱ" ይላል። አማርኛ ይሄን በመንገድ ላይ ጥሎታል። "እኔ"ም የለውም። ድምፄን ባትሰሙት፣ ጽሑፉን ብቻ ብታነቡት፣ "ሄድኩ፣ ቆጨኝ" ስል ማን እንደሆንኩ አታውቁም ነበር።

አያቴ ሴት ናቸው። እማማ ነው የምላቸው። እሳቸው ደግሞ እኔን "አንተ" ነው የሚሉኝ። "ማንን ነው የምትፈልገው?" ሲሉኝ ሰምታችኋል። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። "ና እስቲ የኔ ጌታ፣ ብላ።" ወንድሜን ደግሞ "ነይ፣ የኔ እመቤት" ይሉታል፤ ጢም ያለው ሰውዬ ነው። ይሄ የማቆላመጫ አነጋገር ነው፤ ብዙ ቤት አለ። ያው "አንቺ" ጠብ ላይ ለወንድ ሲወረወር ስድብ ይሆናል፤ ደም ያቃባል። እማማ አፍ ላይ ግን ፍቅር ነው። ልጅ ሳለሁ እንግዳ ሰው ፊት "ና" ሲሉኝ አፍር ነበር። አሁን "ነይ" ቢሉኝ የተቆጡ ይመስለኛል። ቃሉን ከነፆታው አገላብጠው እንደ ጋቢ ነው የሚያለብሱን። ደግሞ ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን አንዱ ስሙ "አንቺ ሆዬ" ነው። ይሄንን ለጀርመን ሰው እንዴት ብዬ እንደማስረዳው ገና እያሰብኩበት ነው።

ስዊድኖች የኛን "እሳቸው" የሚመስል ነገር ሲፈልጉ ኖረዋል። "ሀን" እሱ ነው፣ "ሁን" እሷ ናት። በመካከል "ሄን" የሚል ቃል ይኑር የሚል ሐሳብ በ1966 ጋዜጣ ላይ ወጣ። ጎረቤታቸው ፊንላንድኛ ለወንድም ለሴትም አንድ ቃል ብቻ አለው፤ ከእሱ ጋር ይቀራረባል። ብዙ ክርክር ተካሄደበት። በ2015 የስዊድን አካዳሚ የቃላት ዝርዝር ውስጥ ገባ። ሐሳቡ ከወጣ 49 ዓመት በኋላ። አንዲት አጭር ቃል ቋንቋ ውስጥ ለመግባት ይሄን ያህል ደጅ ትጠናለች። የኛ "እሳቸው" ግን አንድ ዋጋ ታስከፍላለች፤ ሽበት። እኩያዬን "እሳቸው" ብላት ወይ ቀልድ ነው ወይ ኩርፊያ።

ለዚህ ነው የተፈጠረ ቋንቋ ልቤን የሳበው። ደጅ መጥናት የለበትም። ከዛሬ ይጀምራል። ግን የሚጀምረው በምን ነው? ዛሜንሆፍ የሚባል ሰው በ1887 ኤስፔራንቶ የተባለውን የተፈጠረ ቋንቋ ሲያወጣ አባትን "ፓትሮ" አለ። እናትን ደግሞ "ፓትሪኖ"። ከአባት ቃል ላይ የሴት ምልክት ቀጠለና እናትን አወጣ። እናት ከአባት ተቀጥላ! ዓለምን በአንድ ቋንቋ ላስታርቅ ብሎ የተነሳ ቅን ሰው ነው። ባዶ ወረቀት ነበረው። አሮጌው ነገር ግን በእጁ ጣት በኩል ገባ።

የግዕዝ አባቶችስ የሰውን ልጅ ምን አሉት? "እጓለ እመሕያው"። የሕያዋን እናት ልጅ። ወንዱንም ሴቷንም፣ ንጉሡንም ገበሬውንም። የሰው ዘር ሁሉ በእናቱ ተጠራ። ይሄን ቃል ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ጎረቤቴ ነው ያስታወሰኝ። ስንት ጊዜ ሰምተነው እንዳለፍነው እያሰብኩ ደብተሬ ጥግ ላይ ደግሜ ደግሜ ጻፍኩት።

በመጨረሻ ስድስቱን መስመር ሞላሁ። የኔን ምርጫ ልንገራችሁ። "ማን" ወንድ ብቻ ይሁን፤ ሰው የሚለውን ቤት ይልቀቅ። ለሴት፣ በደንቡ ከቆጠርን "ፍራው" ነው የሚያሸንፈው። የሰሜኖቹም "ፍሩ" የሚል አላቸውና አምስት ድምፅ ያገኛል። እኔ አልመረጥኩትም። የሰሜኖቹ "ፍሩ" ያገባች ማለት ነው። ያን ከመረጥኩ መሥሪያ ቤቱ መስኮት ፊት መልሼ ቆምኩ ማለት ነው። "ክቪን" አልኩ። በሦስቱ ቤት ዛሬም ሴት ማለት ብቻ ነው፤ የማንም ሚስት አይደለችም፣ ትንሽም አይደለችም። እንግሊዙም ንግሥቱን ሲጠራ ሳያውቅ ይጠራታል።

ለሰው ደግሞ ቀላሉ ነው። አምስቱ ይጋሩታል። ደችኛ "ሜንስ"፣ ስዊድንኛ "ሜኒሻ"፣ ዴንማርክኛና ኖርዌይኛም የዚሁ ዘመድ አላቸው። ጀርመንኛው ደግሞ አጭርና ጥርት ያለ ነው። ይሄም ቃል ጠባሳ አለበት። ደችኛ ተናጋሪ "ያ ሜንስ" ብሎ ከቢላዋው ክፍል ካስገባው አንዲትን ሴት እያቃለለ ነው። ስዊድኖቹ ግን በቆየው ሰዋስዋቸው ሰው የሚለውን ቃል ሲተኩት "እሷ" ይሉታል። ሰው፣ እሷ። ይሄን ሳነብ ጮክ ብዬ ነው የሳቅሁት፤ እማማ ደነገጡ።

ትናንት ማታ የአክስቴ ልጅ ደወለች። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ቡና እየቆላሁ ነበር። ቤቱ በጭሱ ተሞልቷል። ልጅቷን ለምን እንዲያ እንዳደረጓት፣ ማሳነሻዋን፣ ደብተሬን፣ ሁሉንም ነገርኳት። "ታዲያ ሰው ምንድን ነው የሚሉት?" አለችኝ። "አንቺ ንገሪኝ፣ ጀርመንኛውን የምትማሪው አንቺ ነሽ" አልኳት። ደብተሯን ስታገላብጥ ተሰማኝ። ከዚያ ጮክ አድርጋ፣ አስተማሪዋ እንዳስተማራት፣ "ሜንሽ" አለች።

መልስ ሳልሰጣት ቡናው እንዳያር ማማሰል ጀመርኩ። "ሜንሽ" አለች ደግማ።

እማማ ከመደቡ ላይ ቀና አሉ። "ምንሽ ነው ትልሃለች እኮ" አሉኝ። "መልስላት እንጂ።"

"ሰው ነው እማማ" አልኳቸው።